ሃያ ጣሳ ዱቄት ስንት ኪሎ ነው?

መስከረም 28 ቀን

ለተወደድከው የእህቴ ልጅ፣

ይህ ወረቀት ካለህበት ሲደርስ በሙሉ ጤና ያግኝህ። ከሄድክ ወዲህ በዓመት አንድ ጊዜ «ደህና ነኝ፣ ደህና ሁን» ከመባባል ያለፈ ነገር ተጻጽፈን አናውቅምና ርዝመቱን አይተህ አትደንግጥ። የሞተ ሰው የለም። የምጽፍልህ መስኮቱ ላይ ተደግፌ፣ ቆሜ ነው፤ በዳቦ ቤቱ ውስጥ ዱቄት ያልነካው ቦታ ይኸው ብቻ ነው።

ከመንገዱ ማዶ የዳቦ ፋብሪካው ሱቅ ከከፈተ ስምንት ወሩ ነው። ዳቦው ጣዕም የለውም፤ ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ሰው ደግሞ የተጠቀለለ ነገር ይወዳል። ከስድስታችን ሁለቱ ሴቶች አሁን አንድ ቀን እየዘለሉ ነው የሚመጡት። በዚህ ከቀጠለ በሩን መዝጋታችን ነው። እውነቱ ይኸው ነው፤ አላስውበውም።

አንድ ቀዳዳ ግን አለ። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ለአራት መቶ ሰማንያ ተማሪዎች የቁርስ ዳቦ የሚያቀርብለት ይፈልጋል። እኛም ፋብሪካውም አመልክተናል። የንብረት ክፍሉ ሹም ቀጭን፣ ቃል ቆጣቢ ሰው ነው። ዳቦዬን ቀመሰ፣ ከዚያ ከቦርሳው ትንሽ ሚዛን አውጥቶ ሁለቱን መዘነና፦

«እሜቴ፣ ጣዕሙ እንከን የለውም። ግን ይሄ ዘጠና አምስት ግራም ነው፣ ይሄ ስልሳ ስምንት። የአንድ እናት ልጆች አይመስሉም» አለኝ።

እያንዳንዱ ዳቦ ሰማንያ ግራም መሆን አለበት። አምስት ቢጎድል ወይም አምስት ቢተርፍ ያልፋል። የሊጡም ልክ በኪሎና በግራም ተጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት፤ «በጣሳና በእፍኝ የተጻፈ አልቀበልም» ብሏል። በጥር መጨረሻ ሦስት ጠዋት እየመጣ ይመዝናል።

አንተ እዚያ ሥራህ መመዘን መሆኑን ከእናትህ ሰምቻለሁ። የእኛን ሊጥ ታውቀዋለህ፦ ሃያ ጣሳ ዱቄት፣ ስምንት ሊትር ውሃ፣ ግማሽ ጣሳ ስኳር፣ አራት እፍኝ ጨው፣ አሥራ አምስት ማንኪያ እርሾ፣ ግማሽ ሊትር ዘይት። ጣሳውም ያው የዱቄት ወተት ጣሳ ነው፤ አንድ ሊትር ይይዛል። ወደ ኪሎ ቀይረህ ላክልኝ።

ሚዛን አግኝቻለሁ።

አክስትህ


ጥቅምት 16 ቀን

ለእትዬ፣

በያሉበት ሰላምና ጤና አይለይዎ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን እዚህ የምሠራበት ፋብሪካ በር ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥበቃው ፊቴን አይቶ «መጥፎ ወሬ ነው?» ቢለኝ «አይደለም፣ ሂሳብ ነው» አልኩት። «ያው ነው» አለኝ።

ሥራዬን እናቴ አጋንናው ካልሆነ በቀር ቀላል ነው። ነጭ ካፖርት ለብሼ ከገባሁበት እስክወጣ ዱቄት፣ ጨውና እርሾ እመዝናለሁ። እዚህ በጣሳ የሚሰፍር የለም። ጣሳ የሚነግረን ነገሩ የያዘውን ቦታ ነው፤ ዳቦውን ዳቦ የሚያደርገው ግን ክብደቱ ነው። ውሃ ሐቀኛ ነው፤ ሊትሩ ሁልጊዜ ኪሎ ነው። አንድ ጣሳ ስኳር ስምንት መቶ ሃምሳ ግራም ይመጣል። ዱቄት ግን አየር ያቀፈ ነገር ነውና ያንኑ ጣሳ ሞልቶ አምስት መቶ ሠላሳ ግራም ብቻ ነው። ቁጥሩን ከፋብሪካው ሰንጠረዥ ላይ ነው ያገኘሁት፤ የታመነ ነው።

ስለዚህ ዱቄቱ አሥር ኪሎ ከስድስት መቶ፣ ውሃው ስምንት ኪሎ፣ ስኳሩ አራት መቶ ሃያ አምስት ግራም፣ እርሾው መቶ ሠላሳ አምስት፣ ዘይቱ አራት መቶ ስልሳ። እፍኙን ሃምሳ ግራም አድርጌ ጨዉን ሁለት መቶ ብዬዋለሁ። ድቡልቡሉ ሊጥ ዘጠና ግራም ይሁን፤ አሥሩ ግራም ምድጃ ውስጥ በእንፋሎት ይሄድና ሰማንያው ይወጣል።

ሚዛን ማግኘትዎ ደስ ብሎኛል።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 5 ቀን

ለተከበሩ ባለ ነጭ ካፖርት፣

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ሊጡ ግን አርፏል።

ያልከውን ግራም ሳናዛንፍ መዘንን። «ማሽኗ» የምንላትን ሴትዮ ታስታውሳታለህ፣ አቡኪያችንን። ክንዷም ያው ነው፣ አፏም ያው ነው። እጇን ከጎድጓዳው ስታወጣ ሊጡ አብሯት ወጣ። «ይሄ ሊጥ ነው ሾርባ? ማንኪያ አምጡልኝ!» አለች። ትሪው ላይ ብናስቀምጠው ተንጣለለ። ሁለት መቶ ሃያው ዳቦ ተያይዞ አንድ ዳቦ ሆኖ ወጣ፤ እንደ ምንጣፍ ጠቅልለን አወጣነው። ደንበኛው ሁሉ እየሳቀ ወደ ማዶ ሄደ። ሃያ ስድስት ዓመት ስጋግር በራችን ላይ «ዛሬ ዳቦ የለም» ብዬ ለጥፌ አላውቅም ነበር። በራሴ እጅ ጽፌ ለጠፍኩት።

ሚዛኑ ያንተው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሽንኩርት ሲመዝን ከኖረበት፣ ከጎረቤታችን ከባለ ሽንኩርቷ ተውሼ ነው ያመጣሁት። በመጀመሪያ ደሞዝህ ገዝተህ ስታመጣልኝ «እጄን አታምንም ወይ?» ብዬ ለእሷ የሰጠሁብህ ቀን ምን እንዳልከኝ አልረሳሁም። በሠራተኞቼ ፊት «በግምት የሚኖር በግምት ይሞታል» ብለኸኝ ወጣህ። ይኸው በግራም ልንሞት ነው።

መልስ አትጻፍ አልልህም። ሌላ ሰንጠረዥ ግን አትላክ።

አክስትህ


ኅዳር 22 ቀን

ለእትዬ፣

የቁጣዎን ዕድሜ ያርዝመው። እርስዎ ከተቆጡ ዳቦ ቤቱ ገና በሕይወት አለ ማለት ነው።

ሰንጠረዥ አልላክሁም። ጥፋቴ ይህ ነው፦ ጣሳውን ስለማውቀው የሚሞላውንም የማውቅ መሰለኝ። የፋብሪካው ሰንጠረዥ የሚናገረው በወንፊት ተነፍቶ በቀስታ ስለተሞላ ዱቄት ነው። የእርስዎ ቤት ዱቄት እንዴት እንደሚሞላ አልጠየቅሁም።

የዚያን ቀን ያልኩትን ሳስብ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አፍሬያለሁ። ሚዛኑን በማምጣቴ ግን አላፈርኩም።

አሁን አንድ ነገር ልለምንዎት። አንድ ጠዋት ምንም ሳይነኩ በርጩማ ላይ ይቀመጡና የማሽኗን እጅ ብቻ ይዩ። እጇ የሚሠራውን ሁሉ እንደ ፖሊስ ቃል መቀበያ ይጻፉልኝ። ለእርስዎ ነገር የማይመስለውንም ይጻፉ፤ እንዲያውም እሱን ነው የምፈልገው። ሚዛኑንም ባዶውን አንጠልጥለው ሁለቱ ሳህኖች እኩል መቆማቸውን ይመልከቱ።

ጥር ሩቅ አይደለም፤ እባክዎ አይዘግዩብኝ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ባለ ሽንኩርቷም «ለባለ ሚዛኑ ሰላም በይልኝ» ብላለች። የእሷን ነገር መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ።

ተቀመጥኩ። በገዛ ቤቴ ሥራ እየተሠራ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ ወገቤ ግራ ገባው። ማሽኗ አሁንም አሁንም ዞር እያለች ታየኛለች።

«ምነው፣ ልታባርሪኝ ነው?»

«ሥራሽን እየጻፍኩ ነው።»

«እንግዲያው ውበቴንም ጻፊው።»

ቃሉ ይኸውልህ። ከረጢቱን ፈታች። እጇን በሽርጧ ጠረገች። ጣሳውን ከረጢቱ ውስጥ አስገብታ ዛቀች። የጣሳውን ቂጥ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ አንኳኳች። ዱቄቱ ወረድ አለ። በላዩ ጨመረችበት። አፉን በክንዷ ጠረገች። ጎድጓዳው ውስጥ ገለበጠች። አማቷን አማች። ጣሳውን እንደገና አስገባች። ይህን ሃያ ጊዜ አደረገች፤ አማቷን ሰባት ጊዜ። ከዚያ ጨው በግራ እጇ አራት እፍኝ። ውሃውን በሊትሩ። ከዚያ ማቡካት ነው፤ እሱን ታውቀዋለህ።

እንደምታየው አዲስ ነገር የለም። እኔም እንደዚሁ ነው የምሠራው፤ ዳቦ ጋጋሪ ሁሉ እንደዚሁ ነው የሚሠራው።

ሚዛኑ ባዶውን እኩል አልቆመም። የአንደኛው ሳህን ሰንሰለት ተበጥሶ ባለ ሽንኩርቷ በወፍራም ሽቦ አስራዋለች፤ በሃያ ግራም ያጋድላል። «አንቺ ሴትዮ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በያንዳንዱ ሚዛን ሃያ ግራም ሽንኩርት ስታጎድይብን ነበር!» ብላት፣ «እኔ ምን አጠፋሁ? ሚዛኑ የወጣው ካንቺ ቤት!» አለችኝ። አሁን ሁለቱንም በእኩል ገመድ አስረነዋል። ቀጥ ብሏል።

አክስትህ


ታኅሣሥ 27 ቀን

እትዬ!

ሰላምታውን ኋላ አደርሳለሁ። አንኳኳች! ሁለት ጊዜ አንኳኳች!

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ እዚህ ቃል ላይ ስደርስ ሳላስበው ጮህኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ፣ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች።

ጧ ጧ። ልጅ ሆኜ ጓዳው ውስጥ ከረጢት ላይ ተኝቼ የምነቃው በዚህ ድምፅ ነበር። ሃያ ጊዜ ጧ ጧ ይላል፤ ሲያበቃ ተነስቼ ፊቴን እታጠባለሁ። የጠዋት ድምፅ ነበር የሚመስለኝ። መለኪያ መሆኑ አንድም ቀን አልታሰበኝም፤ ለእርስዎም እንደ መተንፈስ ስለሆነ አልጻፉልኝም።

በማግሥቱ እዚህ አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ፈልጌ ሞከርኩት። ዱቄቱን ነፍቼ በቀስታ ስሞላው አምስት መቶ ሠላሳ። ዝቄ ስሞላው ስድስት መቶ። ዝቄ፣ ሁለት ጊዜ አንኳኩቼ፣ ጨምሬ ስጠርገው ስድስት መቶ ሰማንያ! ጣሳው አልሰፋ፣ ዱቄቱ አልተለወጠ። በሃያ ጣሳ ሲባዛ አሥራ ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ ነው። ከሊጥዎ ላይ ሦስት ኪሎ ዱቄት ጎድሎ ነበር ማለት ነው። ሾርባ ቢሆን ምን ይገርማል!

ግን ይህንንም ቁጥር እንዲሁ አይቀበሉኝ። የእኔ ክንድ የማሽኗ ክንድ አይደለም። ስድስታችሁም አሥር አሥር ጊዜ እየሞላችሁ መዝኑ። እፍኙንም መዝኑ። እውነተኛው ሰንጠረዥ ከእናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚነሳው።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 12 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

እንደ ጩኸትህ ዕድሜህም ይርዘም። ደብዳቤህን ለሁሉም አነበብኩላቸው፤ አውቶቡሱ ጋ ስደርስ ማሽኗ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ሥራ እንዳለቀ ስድስታችንም ተሰለፍን። ባለ ሽንኩርቷ «የዕቃዬን መጨረሻ ልይ» ብላ ሱቋን ዘግታ መጣች። መጀመሪያ ማሽኗ ሞላች። ስድስት መቶ ሰማንያ። ሁለተኛ፣ ስድስት መቶ ሰማንያ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ያው። አምስተኛው ላይ ባለ ሽንኩርቷ «ሚዛኑ ተጣብቋል» ብላ ሳህኑን በጣቷ ነካችው፤ ተወዛውዞ ተመልሶ እዚያው ቆመ። ከአሥሩ ስምንቱ ስድስት መቶ ሰማንያ፣ አንዱ አምስት ግራም የጎደለው፣ አንዱ አምስት ግራም የተረፈው። ማሽኗ ከዚያ በኋላ ኮራች።

ቀጥሎ ዝምታ ሞላች። ከአንተ ኋላ የመጣች ልጅ ናት፣ ስሟን ያወጣላት ጠባይዋ ነው። የእሷ አምስት መቶ ዘጠና። «ለምን አታንኳኪም?» ብንላት «ድምፅ እንዳላሰማ ብዬ ነው» አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ በእሷ ተራ ዳቦው ለምን እንደሚሰፋ ስንመራመር ነበር!

እኔ ሞላሁ። ስድስት መቶ አርባ፣ ሰባት መቶ አሥር፣ ስድስት መቶ ሃምሳ አምስት። ከስድስታችን ቀጥ ብሎ ያልሄደው የእኔ ብቻ ነው። ዝምታ እንኳ በመሳሳት ጸንታለች፤ እኔ በመሳሳትም አልጸናሁም። ለማንም አትንገር፤ እዚህ ሁሉም አውቆታል።

እፍኝማ አታንሳው። የማሽኗ ሰባ ግራም ነው፣ የእኔ አርባ አምስት። ሰኞ ሰኞ፣ እኔ ስቀር፣ ደንበኞች «ዳቦው ጨው በዝቶበታል» ሲሉ «አፋችሁ ነው» እያልኩ ስንቱን ሰው ተጣልቻለሁ!

ስንቀምስ የሁሉም ምርጫ የማሽኗ ጨው ሆነ። ስለዚህ አሁን ግድግዳው ላይ ያለው ይህ ነው፦ ዱቄት አሥራ ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ፣ ውሃ ስምንት ኪሎ፣ ስኳር አራት መቶ ሃያ አምስት፣ ጨው ሁለት መቶ ሰማንያ፣ እርሾ መቶ ሠላሳ አምስት፣ ዘይት አራት መቶ ስልሳ ግራም። ከአንድ ሊጥ ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ድቡልቡል ወጣ። ጋገርነው። ሰማንያ፣ ሰማንያ፣ ሰባ ዘጠኝ። ጣዕሙም የእኛው ነው።

ፈተናው ጥር 26፣ 27 እና 28 ነው። ሹሙ በየጠዋቱ ከቅርጫቱ ሃያ ዳቦ ያነሳል፤ ከሁለት በላይ ከልኩ ከወጡ ወደቅን።

ያን ጊዜ «እጄን አታምንም ወይ?» ብዬህ ነበር። የማሽኗን እጅ እመን። የእኔን መዝነው።

አክስትህ


ጥር 28 ቀን

ለእትዬ፣

በደህና እንደዋሉ ተስፋ አለኝ፤ እኔ አልዋልኩም። ዛሬ ሦስተኛው ጠዋት መሆኑን እያወቅሁ ምን እንደሆነ አለማወቄ እግሬን አላስቀምጥ ብሎታል። ዛሬ ጨው ስመዝን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

አለቃዬን ስለ ማሽኗ ነገርኩት። «ሰው በእጁ፣ ከአሥር ስምንት ጊዜ? ውሸት ነው» አለኝ። ጣሳውን አምጥቼ «እስቲ ይሞክሩት» አልኩት። አሥር ጊዜ ሞላ፤ ሁለቱ እንኳ አልገጠሙለትም። ካፖርቱ ነጭ፣ ፊቱም ነጭ ሆኖ ወጣ። ማሽኗን እጅ ነስቻለሁ ይበሉልኝ።

የሆነውን ሁሉ ይጻፉልኝ። ክፉም ከሆነ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 15 ቀን

ለልጄ፣

እልል በል! ከዚያ ቁጭ ብለህ አንብብ።

እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ውጤቱ የተነገረን የካቲት 8 ቀን ስለሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ብዕር የምይዝበት እጅ አጣሁ፤ ለምን እንደሆነ ታያለህ።

የመጀመሪያው ጠዋት ከሃያው አሥራ ዘጠኙ ልክ፣ አንዱ ሰማንያ ስድስት። ሁለተኛው ጠዋት ሃያውም ልክ። ሹሙ ጻፈና ሄደ።

ሦስተኛው ጠዋት ማሽኗ ቀረች። ልጇ ምጥ ይዟታል። «ዱቄቱን ወረቀቱ ያውቀዋል፣ እኔን አትጠብቁ» የሚል መልእክት በጎረቤት ላከች። ከዚያ የለመደ እጄ ዝም ብሎ ጣሳውን አነሳ፤ ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩት። ከኋላዬ አንድ ድምፅ፦

«እትዬ! አይንኩት!» አለ።

ዝምታ ናት። እኔንም ራሷንም አስደነገጠች። ጣሳውን ከእጄ ወሰደች፣ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ነቅላ ሚዛኑ አጠገብ አቆመች፣ አንዱን ነገር ከሌላው ሳትቀላቅል እየመዘነች አስገባች። እያንዳንዱን ድቡልቡል ሳህኑ ላይ ሳታሳርፍ ትሪ አላስነካችም። እኔ እሳቱን ብቻ ጠበቅሁ።

ሹሙ መጣ። ሃያ አነሳ። ከሰባ ስምንት በታች የለም፣ ከሰማንያ ሁለት በላይ የለም። መነጽሩን ጠርጎ ከቅርጫቱ ሥር ሌላ አምስት ጨመረ። ያው ነው።

«ዛሬ የሰፈረው ማን ነው?» አለ።

«እኔ!» አለች ዝምታ። ባለ ሽንኩርቷ ከሱቋ «ምን ሆናችሁ?» ብላ መጣች።

የፋብሪካውም ዳቦ ክብደቱ ልክ ነበር፤ አይታማም። ሹሙ ግን ሁለቱንም ለተማሪዎቹ አቅርቦ ከቁርስ በኋላ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ዞሮ አየ። የፋብሪካው ግማሽ ግማሹ ተትቶ ተገኘ። የእኛ ቅርጫት ውስጥ ፍርፋሪ እንኳ አልቀረም። «በልክ ተመዝኖ የሚበላ ዳቦ ነው የምፈልገው» ብሎ ፈረመልን። ስድስታችንም አሁን በየቀኑ እንገባለን፤ ሁለት ሴቶችም ጨምረናል።

ማሽኗ ሴት የልጅ ልጅ አየች። አዋላጇ ልትመዝናት ስትል ማሽኗ ሕፃኗን አንስታ «ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ» አለች አሉ። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ሆነች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእሷ ጋር መኖር አልተቻለም።

ትናንት የመጀመሪያውን ዳቦ ራሴ ይዤ ሄድኩና የመመገቢያ አዳራሹ በር ላይ ቆምኩ። ተማሪዎቹ ተሰልፈው እየወሰዱ ያልፋሉ። አንዲት ቀጭን ልጅ ቅርጫቱ ጋ ስትደርስ አንዱን አነሳች፣ መለሰች። ሌላ አነሳች፣ መለሰች። ከኋላዋ «ኧረ ፍጠኚ፣ ሁልጊዜ ትልቁን ካልመረጥሽ!» ይሏታል። ሁለት ዳቦ በሁለት እጇ ይዛ እያወጣች እያወረደች ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሁሉም አንድ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ሁሉም አንድ ነው» አልኳት።

አንዱን መለሰችና ሌላውን እየገመጠች ሄደች።

አክስትህ